የቀጭን በር ተረኞች

ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አንድ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነፍሴ ነው። ሹፌሬ ደሳለው «አንተ እኮ ረዳት ሳትሆን ፈተና ነህ» ይለኛል። ምን ላድርግ? ከደሴ ኮምቦልቻ በቀን አራቴ እየተመላለስኩ መንገዱን ጠግቤዋለሁ። ሰው ካልተጨቃጨቀልኝ በምን ልዝናና?

የዛን ቀን፣ ነሐሴ ውስጥ ነው፣ አምስት ሰዓት ገደማ መናኸሪያ ቆሜ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የሞላ!» እላለሁ። የጎደለኝ ስድስት ሰው ነበር፤ ግን እንደዛ ነው የሚባለው። ረውዳ መጣች። የሰፈሬ ልጅ ናት። ሰፈራችን ቀጭን በር ትባላለች፤ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ አስፋልቱ ከላይ፣ ቤቶቹ ከታች ገደሉ ላይ የተለጠፉ። እኔ ሰባተኛን ሁለቴ ወድቄ ደብተሬን ስጥል እሷ ገፍታ ነርስ ሆናለች። ፒያሳ ሄዳ ያሳተመችውን ወረቀት በፕላስቲክ ይዛለች። ፊቷ ግን የታመመ ሰው ፊት ነው።

እሷ ቁጭ ሳትል ሸህ ጀማሉዲን ከተፍ አሉ። የቅሬያችን ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሰው ሲሞት ቀብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን። ሸሁ ሃያ ሁለት ዓመት ዳኝተውታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት በቅሬው ስብሰባ ላይ ረውዳ ተነስታ ነበር። ሰው ሲወድቅ፣ ሲቃጠል፣ መኪና ሲገጨው ቀድሞ የሚደርስ የሰፈር ቡድን ላቋቁም፣ ቅሬው ያግዘኝ አለች። ሰው ሲወድቅ አንገቱን እንዴት መደገፍ እንዳለብን ልታሳይ ስትጀምር ሸሁ እንደ እሳት ነደዱ። «ይሄ የቀብር ማኅበር ነው! በቁማችን አታሟርቺብን!» ብለው የመዝጊያውን ፋቲሃ አስቀርተው በተኑን። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላም የሚባባሉት ሰላምታ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ብቻ ነው።

«ሸህዬ፣ እዚች ጋ ይግቡ፣ ሰፊ ቦታ አለች» አልኩ። ሰፊ አልነበረችም። የረውዳ ጎን ነበረች።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሸሁ ወደ መስኮቱ እያዩ።

«ወአለይኩም ሰላም» አለች ረውዳ ወደ ወረቀቷ እያየች።

በሩን ዘጋሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ከከተማው እስክንወጣ ጸጥ አሉብኝ። እንዲህማ አይሆንም ብዬ ነገር ቆሰቆስኩ።

«ሸህ፣ በደህና ነው ኮምቦልቻ?»

«የቅሬው ድንኳን ተቀዶ ዝናብ እያስገባ ነው። ሰኞ ገበያ ሸራ ፈልጌ የሚረባ አጣሁ። ኮምቦልቻ አለ አሉኝ።»

«ኢናሊላሂ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ አልሀምዱሊላህ።»

«ታዲያ ድንኳኑ ምን ያስቸኩላል?»

«ሰው ከሞተ በኋላ ነው እንዴ ድንኳን የሚገዛ? አስቀድሞ ነው እንጂ፣ አንተ ጅል!»

ረውዳ ቀና ብላ አየቻቸው። የሆነ ነገር ልትል ብላ ዋጠችው።

«አንቺስ?» አልኳት።

«አልቻልኩም ብዬ የቡድኑን ሥራ ልመልስ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ኮምቦልቻ ለሚያሰለጥኑን ሰዎች የሃያ አራት ሰው ስም ካላስገባሁ ስልጠናውም፣ የእርዳታ ሻንጣውም፣ ቃሬዛውም ለሌላ ሰፈር ይሄዳል። እኔ ያለኝ ሦስት ስም ነው። አንደኛዋ እኔ ነኝ።»

«አርባ ሰው ተመዝግቦልሽ አልነበር?»

«ነበር። ምን እንደበተነው አንተ ታውቃለህ።»

አፌን ያዝኩ። እመጣበታለሁ።

ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላህ ሲያይልሽ ነው ልጄ። ተገላገልሽ። ልንገርሽ፣ የኔ ቅሬ መቶ አስር አባወራ አለው። አንድ ቀን እንኳ “ፈቃደኛ ማነው?” ብዬ አላውቅም። ፈቃደኛ ያልሽው ሰው ሲፈቅድ ይመጣል፣ ሳይፈቅድ ይቀራል። ቅሬ ግን ተራ ነው። ቀብር ቆፋሪው ለብቻ፣ ድንኳን ተካዩ ለብቻ፣ ውኃ ቀጂው ለብቻ፣ ለሩቅ ዘመድ የሚደውለው ለብቻ። የቀረ ይቀጣል። አለቀ።»

«እውነትዎን ነው» አለች ረውዳ።

ሸሁ ሊከራከሩ ተዘጋጅተው ስለነበር ትንሽ ተደናገሩ። «ሁለተኛ፣» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ጎረቤቴን ልርዳ ብዬ ስሜን ወረቀት ላይ አልጽፍም። ነውር ነው። ኡኡ ሲባል ያልሮጠ የወሎ ሰው አለ? አያቶቻችን ተመዝግበው ነው የሮጡት?»

«መሮጡንማ እንችልበታለን፣ ሸህ። ከደረስን በኋላ ነው የምንጠፋው። አንዱ እግሩን ይይዛል። አንዱ ክንዱን ይጎትታል። አንዱ ውኃ ያጠጣዋል። አንዱ “ፖሊስ ሳይመጣ አትንኩት” ይላል። ሌላው በስልኩ ይቀርፃል። መኪና የሚጠራ ግን የለም፤ ሁሉም ሌላው የጠራ ይመስለዋል።»

ሸሁ የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን በጣታቸው ያሽከረክሩ ጀመር። እኔ ተረቱ ብዬ ተደሰትኩ። ነገሩ ሌላ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

ቀጭን በርን አልፈን ሁለት ጠመዝማዛ እንደወረድን መኪና ተደርድሮ ቆሟል። ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። አንድ ዶዘር ቋጥኝ እየገፋ ነው። ደሳለው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ጠይቆ መጣ። «ገና አንድ ሰዓት ይፈጃል አሉ።»

ረውዳ ስልኳን አየች። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው።

«ሦስተኛ፣» አሉ ሸሁ፣ ጸጥታው ሲከብዳቸው፣ «የአላህ ቀደር አለ። ቀኑ የደረሰ አይተርፍም፣ ያልደረሰ አይሞትም። ተዘጋጅተሽ የምታስቀሪው ነገር የለም።»

ይቺን ጊዜ ነበር ረውዳ ስትጠብቅ የነበረው። ድምፅዋን ሳታሳድግ፣ በትህትና፣ «ሸህ፣ ሞትስ በቀደር አይደለም?» አለች።

«ነው እንጂ!»

«ታዲያ ድንኳኑን ለምን አስቀድመው ይገዛሉ?»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ሳቋን ለቀቀችው። ከይሪያ ናት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ፣ የኛው ሰፈር ተከራይ። የስምንት ሰዓት ፈረቃ ልትገባ ነው።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ሸሁ ዞረው።

«አፉ በሉኝ ሸህ፣ አምልጦኝ ነው። ግን እውነቷን እኮ ነው። ለሞተው ድንኳን አለን፣ ላልሞተው ምንም የለን።» ከዚያ ወደ ረውዳ ዞረች። «አንቺም ግን ጥፋት አለብሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ስትመዘግቢ “ወጣት ወንዶች ይምጡ” ነበር ያልሽው። እኔ የማታ ፈረቃም ልሁን የከሰዓት፣ ዛሬ ደሴ ወጣሁ እንጂ ጠዋት ጠዋት ሁሌ ቤት ነኝ። አንድ ሰው “ከይሪያ፣ ትችያለሽ?” ብሎ አልጠየቀኝም። ወጣት ወንዶችሽ በቀን የት ናቸው? አንዱ ይኸው በር ላይ ተንጠልጥሏል።»

ሚኒባሱ በሙሉ በኔ ሳቀ። ረውዳ ግን አልሳቀችም። እስክርቢቶ አውጥታ ወረቀቷ ጥግ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። እኔ የተማረ ሰው ሲሳሳት አይቼ አውቃለሁ፣ መሳሳቱ ተነግሮት የሚጽፍ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

«አርባዎቹስ የት ሄዱ?» አሉ ሸሁ። «እሱን ንገሪኝ። ፈቃደኛ ይቀራል ያልኩሽ ውሸት ነው?»

ረውዳ ወረቀቷን ታገላብጥ ጀመር። ልትሸፍንልኝ ነው። ሲሸፍኑልኝ ደግሞ አልወድም፣ ያሳክከኛል።

«እኔ ነኝ፣ ሸህ» አልኩ።

«ምን አደረግህ?»

ተናገርኩ። ረውዳ አርባ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን፣ ዶፍ እየዘነበ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ሰልችቶኝ «ድልድዩ ጋ ሰው ወድቋል፣ ድረሱ!» ብዬ ጻፍኩ። አስራ ስድስት ሰው በጭቃ እየተንሸራተተ መጣ። እኔ ድልድዩ ሥር በቆሎ እሸት እየጋጥኩ ጠበቅኋቸው። ወላሂ ያኔ ከሳቅ ሌላ የታየኝ ነገር አልነበረም።

በሳምንቱ እማማ ሸዋረጋ ከቤቶቹ ወደ አስፋልቱ ከሚያወጣው ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የልጅ ልጃቸው ግሩፑ ላይ ጻፈች። ረውዳ ሥራ ላይ ነበረች፤ ከአርባው ሰው አንዱም አልሄደም። ከፊሉ «ሂሻም ነው» ብሎ፣ ሂሻም እኔ ነኝ፣ ተኛ። አብዛኛው ሌላው የሄደ መስሎት «አላህ ያሽራቸው»፣ «እግዜር ይማራቸው» እያለ ጻፈ። ሠላሳ አንድ ሰው ጸለየላቸው። ሴትዮዋ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ተኝተው ቆዩ። እኔም ጽፌያለሁ። የሚያለቅስ ፊት ጨምሬበት።

«አንተ ሸይጧን!» አሉ ሸሁ። ከዚህ በላይ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደቡኝም። ለረውዳ ነው የተናገሩት። «አየሽ? አርባ ሰው ነበረሽ፣ ተረኛ ግን አልነበረሽም። ተረኛ የሌለው ሰፈር ጸሎተኛ ብቻ ነው የሚተርፈው።»

«ልክ ነዎት፣ ሸህ። እሱን ነው ያልቻልኩበት። ሰው እንዴት እንደሚታከም ተምሬያለሁ፤ ሰው እንዴት እንደሚሰለፍ ግን አላስተማሩኝም። ያንን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስብሰባው ላይ ልነግርዎት የፈለግሁት ይሄንን ነበር።»

«ቅሬው እንኳ ቃሬዛ አለው» አለች ከይሪያ ከኋላ።

«የሬሳ ቃሬዛ ላይ በሕይወት ያለ ሰው አይጫንም!» አሉ ሸሁ።

«እሺ አይጫን። አዲስ የሚሰጠን ካለ ግን የት ይቀመጣል? ቅሬው ቤት ነው ደረቅ ቦታ ያለው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነዋ።»

«አሁን የት ነው?»

ሸሁ እጃቸውን ወደ ሰደርያቸው ኪስ ሰደዱ። ቁልፉ እዛው ነበር፤ ከሳቸው ጋር ሐረጎ ላይ፣ ናዳ ፊት ለፊት። ቀጭን በር ላይ በዚያች ሰዓት ሰው ቢሞት ድንኳኑን የሚያወጣው አልነበረም። ሸሁ ቁልፉን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። እኔ አንድ ቀልድ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ መለስኩት።

«ረውዳ» አሉ።

«አቤት፣ ሸህ።»

«የሱፍን ታውቂው ነበር።»

የሱፍ ታናሽ ወንድማቸው ነበር። አምና መጋቢት ላይ የጣራውን ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ ወደቀ። እኔም ነበርኩ። ስምንት ሆነን እጅ እግሩን ይዘን ያንን ደረጃ ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ተሸከምነው። ሸሁ በብብቱ ይዘውት ከፊት ናቸው። አንገቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። ፒካፕ ላይ ቀና አድርገን አስቀመጥነው፣ ውኃ ሰጠነው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

«መሬት ላይ እያለ ይናገር ነበር» አሉ ሸሁ። «“ወንድምዬ፣ እግሬ አይሰማኝም” አለኝ። አብሽር አልኩት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ግን አይናገርም። እዚያ ደረጃ መሃል ምን ሆነ? እኛ ነን?»

 ውጭ ዶዘሩ ያጉረመርማል።

«አላየሁትምና አላውቅም፣ ሸህ።»

«አታባብይኝ።»

«አላባብልዎትም። እግሬ አይሰማኝም ካለ አከርካሪው ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከነበረ፣ አንገቱ ሳይደገፍ መነሳቱ ብሶበት ሊሆን ይችላል። ውስጡ እየደማ ከነበረም፣ ማንም ምንም ባያደርገው ላይተርፍ ይችላል። የትኛው እንደነበረ አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እዚያ የነበራችሁት ስምንት ሰዎች ወደዳችሁት እንጂ አልጠላችሁትም። ማንም ግን አላስተማራችሁም።»

«ባለማወቅ ያደረጉት ይቅር ይባላል» አሉ ሸሁ ቀስ ብለው። «ካወቁ በኋላስ?»

ረውዳ ወደ ሸሁ ዞረች።

«ካወቅሁ በኋላ እጠየቅበታለሁ» አሉ ራሳቸው መልሰው።

ያኔ ገባኝ። ስብሰባው ላይ «አንገቱን ደግፉ» ስትል ያን ያህል የነደዱት ለሟርት አልነበረም። የሷ ትምህርት እውነት ከሆነ የየሱፍ ነገር አብሮ ሊመጣ ነው። ሰው አዲስ ነገር እምቢ ሲል ሁሌ ስለ ልማዱ አይደለም። አንዳንዴ አዲሱን ከተቀበለ ድሮ ያደረገው ያመዋል። ይሄንን የሚያስተምር ክፍል ሰባተኛ ላይ ቢኖር አልወድቅም ነበር።

ሸሁ ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። «ወረቀትሽን አምጪ» አሉ።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «“ሃያ አራት በጎ ፈቃደኞች ሃያ አራት ሰዓት ዝግጁ ይሆናሉ።” ማነው ይሄንን የጻፈው?»

«እኔ» አለች።

«ሁሉም ሁሌ ዝግጁ ነው ማለት ማንም ዝግጁ አይደለም ማለት ነው። ሰርዢው።»

ሰረዘችው።

«እንደኛ በፈረቃ አድርጉት» አለች ከይሪያ። «በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በፈረቃ አራት ሰው። አስራ ሁለት ሰው አንድ ሳምንት ይሠራል፣ አስራ ሁለቱ በሚቀጥለው። የራሱ ሳምንት ያልሆነ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛ።»

«አራት ሰው ምን ምን ይሠራል?» አሉ ሸሁ ለረውዳ። አሁን ሲጠይቁ እንደ ቅሬ ዳኛ ነው።

«አንዱ በሽተኛው ራስ ጋ ይቀመጣል፤ እሱ ያለው ይሰማል። ሁለተኛው ሻንጣውን ይዞ ደም ካለ ያቆማል። ሦስተኛው አስፋልት ወጥቶ አምቡላንስ ይደውላል፣ ከዘገየ መኪና ያስቆማል፣ መንገድ ያሳያል።»

«አራተኛው?»

«አራተኛው ሌላውን ሰው ያርቃል። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።»

ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረጃው ላይ የነበርነውን ስምንት ሰዎች እያዩ መሆን አለበት።

ከዚያ መጥራት ጀመሩ። አቤት ያ ሰውዬ! የሰፈሩ ሰው በየትኛው ሰዓት የት እንዳለ እንደ ፋቲሃ በቃላቸው ያውቁታል። ለምን አያውቁ? ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲሞት ማን ቤት እንዳለ እያሰቡ ነው የኖሩት። «ጠዋት፦ ከይሪያ። ሸሪፋ፣ የስፌት መኪናዋ ቤቷ ስለሆነ አትወጣም። ሀፊዝ፣ ጥበቃ ሥራውን ከተወ ወዲህ በር ላይ ነው የሚውለው። አስፋልት ላይ ድንች የምትሸጠው ራሂማ፣ ሹፌሩን ሁሉ በስሙ ታውቀዋለች፤ መኪና የምታስቆም እሷ ናት።»

«ሸህ፣ ሳይጠየቁ?» አለች ረውዳ።

«ምኑን?»

«እሺ ሳይሉ ስማቸውን ላስገባ አልችልም። ይሉኝታ ይዟቸው እጃቸውን ያወጡ አርባ ሰዎች ነበሩኝ። ከእንግዲህ ከልቡ እሺ ያለ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያስ እንጠይቃቸዋለን» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

አቤት ስቃያችን! ሸሁ ሰላምታ አያሳጥሩም። «እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቹስ፣ ላሚቱስ፣ ዝናቡስ እንዴት አደረጋችሁ» ብለው ነው ወደ ጉዳዩ የሚገቡት። ረውዳ ሰዓቷን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። አምስተኛው ሰው ላይ የሳቸው ስልክ ሞተ። የኔን ተቀበሉኝ። ካርዴ አለቀ። ደሳለው ሳይጠየቅ የራሱን ሰጠ። ሁለት ሰው እምቢ አለ። አንዱ የታመመች እናት አለችኝ አለ፣ ሌላው ደም ሳይ እወድቃለሁ አለ። ሸሁ «እውነቱን ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ» ብለው ዘጉ። አልተቆጡም። እኔ ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«የቀረ ምን ይሁን?» አሉ ደዋውለው ሲያበቁ።

«ቅጣት ካለው ፈቃደኝነቱ የቱ ላይ ነው?» አለች ረውዳ።

«መግባቱ ላይ ነዋ! ያልፈለገ አይግባ። ከገባ በኋላ ግን ጎረቤቱ “እገሌ አለ” ብሎ አምኖ ይተኛል። የሚያስቀጣው ያንን እምነት ይዞ መጥፋቱ ነው። ያልተመቸው ቀድሞ ይናገር፣ ምትክ ይፈልግ። ሳይናገር የቀረ ለሚመጣው ሐዘን ድንኳኑን ብቻውን ይተክላል።»

ረውዳ እስክርቢቶዋን አነሳች። «እስማማለሁ። ግን አንድ ልጨምር። ሥራው ሰው ያደክማል። ልጅ ሲቃጠል ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ አይተኛም። የደከመ “ደከመኝ” ብሎ ቢያርፍ አይቀጣ፣ አይታማ። ከባድ ነገር የገጠማቸው አራቱም በማግስቱ ተሰብስበው ያውሩት።»

«እንደ ሐዘን ጥየቃ?»

«እንደዚያው።»

«ጥሩ ነው። ጻፊው። በውሸት የጠራስ?» ሁሉም ወደኔ ዞረ። «በውሸት የጠራ አንድ ክረምት ሙሉ የመቃብሩን ሣር ያጭዳል። ክረምቱ ደግሞ ገና አላለቀም፣ ሂሻም።»

«ሸህ፣ ያለፈው እኮ ሕጉ ሳይወጣ ነው!»

«ማጭድ አለህ ወይስ ላውስህ?»

ዶዘሩ ቋጥኙን ገደል ሰደደው። መኪናው ሁሉ ጡሩንባ ነፋ። ደሳለው ሞተሩን ሲያስነሳ ረውዳ ቆጠረች። ሃያ ሦስት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁለቱ ሃያ አራተኛውን ሰው ያስባሉ። እኔ በር ላይ ተንጠልጥዬ ሌላ ቦታ አያለሁ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ሸሁ ትከሻዬን በሙስበሃቸው መታ መታ አደረጉኝ።

«እሁድ ከሰዓት ትሠራለህ?»

«አይ... አርፋለሁ።»

«ሌላ ሌላውን ቀን ሌሎቹ ይሸፍኑታል፤ አራተኛውን ሰው እሁድ አጥቼለታለሁ። ሰው የሚያርቀውን። ይሄ አፍ ሰው መኪና ውስጥ ሲያጉር ኖሯል፤ ትንሽ ደግሞ ከበሽተኛ ያርቅ። ግን ትጠየቃለህ እንጂ አትታዘዝም። ምን ትላለህ?»

ቀልድ ፈለግሁ። የመጣልኝ ግን እማማ ሸዋረጋ ዝናብ ላይ ተኝተው ነው። «እሺ» አልኩ። ረውዳ ስሜን ስትጽፍ ቀና ብላ አላየችኝም፣ ግን ሁለት ጊዜ ነው ያሰመረችበት።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ገባን። ከይሪያ ወደ ፈረቃዋ ሮጠች። ሸሁ ሸራቸውን ረስተው ከረውዳ ጋር ወደ ቢሮው ሄዱ። የተቀበላቸው ሰውዬ ዝርዝሩን ሁለቴ አንብቦ «የሥራ ሰዓታቸውን ሁሉ ማነው ያጠናላችሁ?» ብሎ እንደጠየቀ ረውዳ ነገረችኝ። ሸሁ «ሞት» ብለው መለሱለት።

ስልጠናው መስከረም ላይ በቅሬው ቤት ግቢ ሆነ። ለመለማመጃ የሚሸከሙት ሰው ያስፈልጋል ሲባል ሁሉም አፈረ፤ በሕይወቱ ቃሬዛ ላይ መተኛት ማን ይወዳል? ሸህ ጀማሉዲን ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። ረውዳ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ከይሪያ ቆጠረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እኩል አነሳናቸው። አንገታቸው ቅንጣት አልተነቃነቀም። ቃሬዛው ላይ ሆነው ሰማይ ሰማዩን እያዩ «እንዲህ ነው ለካ የሚያዘው» አሉ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርድ ነበር። ረውዳ እጇን ሳትለቅ ቆየች። ከዚያ ሸሁ «በሉ አውርዱኝ፣ ገና አልሞትኩም» አሉና ሁላችንም በአንዴ ሳቅን።

አሁን ስምንት ወር ሆነን። ምን ተጠቀማችሁ ብትሉኝ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። አስራ አንድ ጊዜ ተጠርተናል። አንዱን አላተረፍነውም፤ አራቱ ተረኞች በማግስቱ ሸሁ ቤት ቁጭ ብለው አወሩት፣ አለቀሱም። አስሩ አሉ። የፈላ ውኃ የተደፋባት ልጅ ቡና ዱቄት ሳይነሰነስባት፣ በንጹሕ ውኃ ቀዝቅዛ ሐኪም ጋ ደርሳለች። ራሂማ ያስቆመችው አይሱዙ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት አድርሷል። የቅሬው ቤት ቁልፍ ሦስት ሆኗል፤ አንዱ ሁሌ ተረኛው ጋ ነው። ግሩፑ ላይ ዱዓ ማድረግ አልተከለከለም፣ ግን መጀመሪያ ተረኛው «ሄጃለሁ» ብሎ ይጽፋል። ቅሬውም አልጠፋም። እንዲያውም ሸሁ «ድንኳኑ እረፍት አገኘ» ይላሉ።

እኔም የመቃብሩን ሣር አጭጄ ጨርሻለሁ። ሰው ማራቅ ደግሞ ሰው ከመጫን ይከብዳል፤ «ግቡ» ሲባል የማይገባ ሰው «ራቁ» ሲባል ይገባል። ግን ተምሬዋለሁ። ዝም ብሎ ራቁ አይባልም፤ ለእያንዳንዱ ሥራ ይሰጠዋል። አንተ ጃንጥላ ያዝ፣ አንቺ ልጆቹን ውሰጂ፣ አንተ ቪዲዮውን ተውና አስፋልት ላይ ቆመህ እጅህን አውለብልብ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያጨናንቀው። የሚሠራው አጥቶ ነው።

እናንተም ሰፈር ቅሬ ወይ እድር አለ። ድንኳን የሚተክል ተረኛ ካላችሁ፣ ሰው ሳይሞት የሚደርስ ተረኛ ለማውጣት አንድ ስብሰባ ይበቃችኋል። ማን በየትኛው ሰዓት ቤት እንደሚውል ጠይቁ። ሴቶቹን ጠይቁ፣ ፈረቃ የሚገቡትን ጠይቁ። እንደኔ ዓይነቱንም ጠይቁት፤ እምቢ ካለ ማጭድ ስጡት።

ዛሬ እሁድ ነው፣ ከሰዓት። ተራዬ ነው። ይሄንን የምጽፈው ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ነው። እስካሁን አልጮኸም፣ አልሀምዱሊላህ።